ጠፍጣፋ እግር ያለው ልጅ

የልጃቸው የውስጥ እግር ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ልዩ ጫማ ለማሠራት ገንዘብ ሊበደሩ የተነሡ ወላጆች ያጋጥሙናል። ከመበደራቸው በፊት ልጁን በእግሩ ጣቶች ጫፍ እናቁመው። መሐሉ ጎድጎድ ካለና ሕመም ከሌለው ሕክምና አያሻውም። ሕፃን ሁሉ ሲወለድ እግሩ ጠፍጣፋ ነው፤ ጎድጓዳው የሚወጣው ቀስ በቀስ፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ዓመት ሳይሞላው ነው። ልዩ ጫማ ይህን አያፋጥነውም። እንዲያውም በ1992 እ.ኤ.አ. በታተመ የሕንድ ጥናት 2,300 ልጆች ታይተው፣ ጠፍጣፋ እግር በዝቶ የተገኘው ጫማ በሚያደርጉት ላይ ነበር። (እንዲህ ሲባል ግን በቀይ አፈር አገር ልጆች በባዶ እግራቸው ይሂዱ ማለታችን አይደለም፤ ዝሆኔ አለና።)

እግሩ የደረቀበት፣ የሚያመው ወይም አንዱ እግሩ ብቻ ጠፍጣፋ የሆነ ልጅ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።