የትኛው ሶዳ?

አክስቴ የኬክ አሠራሩን የተቀበለችው ከአሜሪካ፣ በስልክ ነው። «አንድ ካርቶን የኬክ ዱቄት፣ አንድ ሶዳ፤ ሌላ ምንም አያስፈልገውም» ተባለች። ሐዋሳ፣ አቶቴ ካለው ቤቷ ጓዳ ገብታ ያወጣችው ታዲያ ቤኪንግ ሶዳ ነበር። በውሃ ለውሳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ጨመረችበት። ኬኩ ከላይ ጠይሞ፣ ሲቀምሱት ሳሙና ሳሙና እያለ ወጣ። እዚያ ሶዳ የሚሉት እኛ ለስላሳ የምንለውን መሆኑን ያወቅነው መልሰን ስንደውል ነው።

አሠራሩ ራሱ ውሸት አይደለም። የካርቶን ዱቄት በሚሪንዳ ወይም በኮካ ብቻ ተለውሶ ኬክ ይወጣዋል። ሰው የሚሳሳተው ለምን እንደሚወጣው ሲያስረዳ ነው።

«ኩፍ የሚያደርገው የለስላሳው ጋዝ ነው» ይባላል። ጋዙ ጥቂት ቢያግዝም ዋናው ሥራ የእሱ አይደለም። ገሚሱ ጠርሙሱ ሲከፈት ይሄዳል፤ ገሚሱ ዱቄቱ ላይ ሲፈስ አረፋ ሆኖ፣ ሲማሰል ደግሞ የቀረው ያመልጣል። ኬኩን የሚያነሳው ካርቶኑ ውስጥ አስቀድሞ የተቀላቀለው ቤኪንግ ፓውደር ነው። ቤኪንግ ሶዳና አሲድነት ያለው ዱቄት አንድ ላይ ናቸው፤ እርጥበት ሲነካቸው መሥራት ይጀምራሉ፣ ኦቨን ውስጥ ይብስባቸዋል። የተጠራጠረ ሚሪንዳውን ከፍቶ ያሳድርና ጋዙ በወጣለት ይጋግር፤ ኬኩ ይነሳል። ተራ የፉርኖ ዱቄት ላይ ግን የቀዘቀዘና የሚንቸለቸል ለስላሳ ቢያፈሱበትም የሚወጣው ድፍን ያለ ቂጣ ነው።

«እንቁላልን ይተካል» የሚለውም እንዲሁ ነው። እንቁላል ሲጋገር ረግቶ ኬኩን ያስራል፤ አስኳሉ ዘይትና ውሃን ያስማማል። ለስላሳ ውስጥ ያለው ውሃ፣ ስኳር፣ አሲድና ማጣፈጫ ነው። ስለዚህ በለስላሳ የተሠራ ኬክ ይለሰልሳል፣ ቢላ ሲነካው ግን ይፈረፈራል። ከትሪ ላይ ቆርሶ ለመብላት ይበቃል፤ ሦስት ደረጃ ለሚደረደር የሠርግ ኬክ ግን አላምነውም።

ጾም ላይ ያለው ስህተት ይከፋል። እንቁላልና ወተት ስላልጨመርን ብቻ የጾም ነው ብለን፣ በነቢያት ጾም ለዋለ ልደት እንግዳ ፊት እናቀርባለን። ዱቄቱ ውስጥ ግን የወተት ወይም የአጓት ዱቄት የሚገባበት ካርቶን አለ።

መሃሉ የሰመጠ ኬክ ሲወጣ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ኦቨኑን ማን ከፈተው?» ነው፤ ከልጆቹ አንዱ ቁጣ ይደርስበታል። ቶሎ መክፈት እንደሚጎዳ እውነት ነው። ነገር ግን ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላባታል። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ከልኩ በላይ ይሰፋል፤ ኬኩ ሳይጸና ተነፍቶ ይተነፍሳል። አዲስ አበባ ላይ ይብሳል። ስኳር ሲበዛ ሊጡ የሚጸናበት ሙቀት ከፍ ይላል፤ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ደግሞ 30 ግራም ያህል ስኳር ይዞ ይገባል። ዱቄቱ ራሱ በስኳር የተሞላ መሆኑን አትርሱ።

ብዙ የአሜሪካ ካርቶኖች ጀርባቸው ላይ ከ3,500 እስከ 6,500 ጫማ ከፍታ ላይ ለሚጋግሩ የተለየ መመሪያ አላቸው። ሐዋሳ በጫማ 5,600 ገደማ ስለሆነች የተጻፈው ለእኛ ነው ማለት ነው። አክስቴ አሁን ሁለት የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት ትጨምራለች፤ ለስላሳውን የምታፈሰው ኦቨኑ ከጋለ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ከተለወሰ በኋላ መብራት ቢጠፋ ቤኪንግ ፓውደሩ አይጠብቃትም።

ካርቶኑን ከመጣላችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡት፤ ወተት እንዳለበትም የሚነግራችሁ እሱ ነው።