ሰውን ከነጥላው

የጎንደርን ፎቶዎች ሰብስቦ ላየ ሰው ቶሎ የሚገለጥለት ነገር አለ፤ አብዛኞቹ የግንብ ፎቶዎች ናቸው። ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1636 መናገሻቸው ያደረጓት ዐፄ ፋሲለደስ ያሠሩት ቤተ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢ፣ በጥምቀት ቀን በሕዝብ የሚከበበው የፋሲለደስ መዋኛ፣ ከግቢው አጠገብ ባለው ፒያሳ ደግሞ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ዘመን የሠራቸው ሕንፃዎች። በእነዚህ ፎቶዎች ሰው የለም ማለት አይደለም። አለ፤ ነገር ግን የግንቡን ቁመት ለማሳየት የቆመ ይመስላል። ታሪክ የበዛበት ከተማ ፎቶ አንሺን የሚፈትነው በዚህ ነው፤ ከሰውየው ይልቅ ከጀርባው ያለው ገንኖ ይወጣል። ይህን ፈተና በድፍረት ከተጋፈጡት ወጣት ኢትዮጵያውያን ፎቶ አንሺዎች አንዱ ግርማ በርታ ነው። ካሜራውን ያዞረው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ቢሆንም፣ ሥራውን ከሁሉም በላይ ሊያጤነው የሚገባ ጎንደር ላይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይመስለኛል።

ግርማ እ.ኤ.አ. በ1990 አዲስ አበባ የተወለደ፣ ፎቶ ማንሳትን በራሱ ጥረት የተማረ ባለሙያ ነው። ከእርሱ በፊት ስማቸው ከታወቁት ብንጀምር፣ ሚካኤል ጸጋዬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ፣ የዘይት ቀለም ለጤናው አልስማማ ስላለው ወደ ካሜራ የዞረ ነው። አይዳ ሙሉነህ በአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አጥንታ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶ ስታነሳ ቆይታለች፤ አገሯ ከተመለሰች በኋላም እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታለች። ግርማ የገባበት በር ግን ሌላ ነው፤ ዕውቅና ያገኘው በአይፎን ስልኩ ባነሳቸውና በኢንስታግራም ባሳያቸው ምስሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ይሰጡት የነበረውን ድጋፍ ከኡራጓዩ ክርስቲያን ሮድሪጌዝና ከሕንዱ ሮኒ ሴን ጋር አገኘ፤ ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር ደርሷቸዋል። ሥራዎቹም በአዲስ ፋይን አርት ጋለሪ በኩል ለሰብሳቢዎች ቀርበዋል።

ስለ እርሱ ሲወራ ስልኩና ሽልማቱ ይቀድማሉ። ሥራውን ያሳደገው ግን አንድ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። «ተንቀሳቃሽ ጥላዎች» ብሎ በሰየመው ተከታታይ ሥራ ግርማ በጎዳና የሚያልፈውን ሰው ያነሳል፤ ከዚያ አጥሩን፣ መኪናውን፣ የሱቁን ማስታወቂያ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ሁሉ አስወግዶ ሰውየውን በአንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ላይ ያቆመዋል። ይህ ውሳኔ ከመሣሪያው ጠባይ ጋር የተያያዘ ይመስላል። ትልቅ ሌንስ ያለው ካሜራ ከሰውየው ኋላ ያለውን አደብዝዞ ሰውየውን ለይቶ ሊያወጣ ይችላል። የስልክ ካሜራ ግን ሌንሱም ብርሃን ተቀባዩም ትንንሽ ስለሆኑ፣ በተለይ በዚያን ጊዜ፣ ቅርቡንም ሩቁንም እኩል ያጠራል፤ ጎዳናው እንዳለ ግርግሩን ይዞ ፎቶው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መሣሪያው ያልሠራውን መለየት ፎቶ አንሺው በእጁ ሠራው። ይህ ደግሞ ዓይንን ያሠለጥናል። ሁሉም ነገር ሲወገድ ብቻውን ቆሞ የሚናገር አቋም የቱ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የጀርባ መጉበጥ፣ የሸክም ማዘንበል፣ የእግር አነሳስ። እነዚህን ያልለየ ሰው ያገኘውን ሁሉ ቆርጦ ቀለም ላይ ቢለጥፍ ምስሉ ባዶ ይሆንበታል።

ሰውን ከስፍራው ለይቶ በወጥ ቀለም ላይ ማቆም ለእኛ ባዕድ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዳበረውና ሊቃውንት የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል የሚሉት ስልት ቅዱሳንን የሚያቆመው ያለ ማደብዘዝ በተቀባ ደማቅ መደብ ላይ ነው። ተራራም ሆነ ቤት የሚገባው ለታሪኩ ሲያስፈልግ ብቻ ነው። በኋላ፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ ሁለተኛው ስልት ለፊትና ለልብስ በጥላና በብርሃን ቅርጽ መስጠትን፣ መደቡንም ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ማሸጋገርን አመጣ። ግርማ ከዚህ ቀድቷል እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ዓይኑ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሠለጠነ ተመልካች፣ በቢጫ ወይም በቀይ መደብ ላይ ብቻውን የቆመን ሰው ሲያይ ክብር ያለው ሰው እንዳየ ይሰማዋል። ከሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከተመሳሳይነቱ ይበልጣል። የመጀመሪያው ስልት ቅዱሳን መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ የላቸውም፤ የግርማ መንገደኛ ግን አለው። ሁሉን ያስወገደው ፎቶ አንሺ ጥላውን አላስወገደም። ጥላው ፀሐይ በየት በኩል እንደነበረች፣ ጠዋት ይሁን ቀትር ይነግራል፤ ሰውየው በአንድ የተወሰነ ቀን፣ በአንድ የተወሰነ መሬት ላይ መራመዱንም ይመሰክራል። ሥራውን ከጌጥ የሚያድነው ይህ ነው።

መቃወሚያ አይጠፋም። አንደኛው «ይህ የጎዳና ፎቶ አይደለም፤ ፎቶ አንሺው እውነቱን ቆርጦታል» የሚል ነው። ለዜና ፎቶ ቢሆን ተቃውሞው ትክክል ነበር፤ ዜና ከምስል ውስጥ ምንም ሊያጠፋ አይፈቀድለትም። እዚህ ግን ማስወገዱ አልተደበቀም። ወጥ ቀለሙ ራሱ ስፍራው መነሣቱን በግልጽ ስለሚናገር የሚታለል ተመልካች የለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ሰው ያለ ስፍራው ምን ይቀረዋል? ይህን ጎንደር በደንብ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ቡድን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ፣ ቅጂ ተክቶ ወደ ፓሪስ ወስዷቸዋል። በሙዚየም ያለው ሥዕል ቀለሙ አለ፣ ቅዳሴውና ምእመኑ ግን የሉም። ፎቶ እርግጥ ከጎዳናው ምንም አይነቅልም፤ ሆኖም ከግርማ ምስሎች አንዱን ብቻውን ያየ ሰው ሰውየው ከማን ጋር እንደሚኖር፣ የማን ደጅ ላይ እንደሚሠራ አያውቅም። ይህን ጉድለት የሚያቃልለው የምስሎቹ ተከታታይነት ነው። ብዙ ሰዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ልብሳቸው፣ ሸክማቸውና አረማመዳቸው ከተማዋን መልሰው ያቆሟታል። ሦስተኛው ተቃውሞ፣ የመንገደኛ ምስል በጋለሪ ሲሸጥ የባለ ምስሉ ፈቃድና ድርሻ የት አለ የሚለው ነው። ይህን በጎዳና የሚሠራ ፎቶ አንሺ ሁሉ ሊመልሰው ይገባል፤ የቀለም ውበትም ሆነ የዓላማ ቅንነት ብቻውን አይመልሰውም።

ከዚህ ሁሉ የጎንደር ወጣት ፎቶ አንሺ የሚወስደው ምንድን ነው? ወጥ ቀለሙን አይደለም። ያንን ዛሬ ማንኛውም የስልክ መተግበሪያ በቅጽበት ይሠራዋል፤ መኮረጁም ጥቅም የለውም። የሚወሰደው የአሠራር ሥርዓቱ ነው፤ አንድ ጥያቄ መርጦ በብዙ ምስል መጽናት፣ ለጥያቄው የማያስፈልገውን ያለ ርኅራኄ መተው፣ ሊተው የማይገባውን ደግሞ ለይቶ ማወቅ። ፒያሳ ላይ ይህ ማለት ግንቡን ከፎቶው ማጥፋት ላይሆን ይችላል። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ጫማ የሚጠርገውን ሊስትሮ፣ ባጃጅ የሚጠብቁትን እናት፣ በነጠላ ተከናንበው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱትን አዛውንት የምስሉ ባለቤት ማድረግ ግን ይቻላል። ለዚህ ውድ ካሜራም የውጭ ሽልማትም መጠበቅ አያስፈልግም። ግንቡን ብዙዎች አንስተውታል፣ ገናም ያነሱታል፤ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚጎድለው መዝገብ በዚህ ዘመን በግንቡ ሥር ያለፈው ሰው ነው።