የከረኗ ዛፍና የመንገደኛው ቡና

ከአሥመራ ተነሥቶ 91 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የተጓዘ ሰው ከረን ይደርሳል። ነጋዴው ወደ ገበያው፣ ሹሙም ወደ ጉዳዩ ይቸኩላል፤ ነገር ግን ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብላ የምትገኘውን፣ ማርያም ደዓሪት የምትባለውን ታላቅ የባኦባብ ዛፍ ሳያይ ሊመለስ አይገባውም። የግንዷ ውስጥ ባዶ ሲሆን፣ በዚያው የእመቤታችን ምስል የቆመባት ትንሽ የጸሎት ቤት አለች።

የባኦባብ እንጨት ለስላሳና ውኃ ያዘለ ነው፤ ልጡም ቢገፈፍ ዳግመኛ ይተካል። በ1933 ዓ.ም. ከጥር እስከ መጋቢት የእንግሊዝና የኢጣልያ ጦር ከረን ላይ ሲዋጉ፣ የኢጣልያ ወታደሮች በዚህች ዛፍ ሆድ ተሸሽገው እንደ ተረፉ ይነገራል፤ ዛፊቱም ብትመታ አልወደቀችም።

በየዓመቱ ግንቦት 21 ቀን ምእመናን ለበዓል ይሰበሰቡባታል። ልጅ የምትሻ ሴት ደግሞ በጥላዋ ሥር ቡና ታፈላለች፤ አላፊ መንገደኛ ስኒውን ቢቀበላት ጸሎቷ ይሰማል የሚል እምነት አለ። ገበያ ቢያመልጥ በሳምንቱ ይመለሳል። እንግዲህ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ የቀረበለትን ቡና «ቸኵያለሁ» ብሎ አይለፍ፤ ለእርሱ አንድ ስኒ የሆነው ለእርሷ የዕድሜዋ ተስፋ ነውና።