ክዳን የሌለው በራድ በ575 ሺህ ፓውንድ

እጀታው የተሰበረ፣ ክዳኑም የጠፋ አንድ ነጭና ሰማያዊ የሻይ በራድ በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ እንግሊዝ አገር በሳልዝበሪ ከተማ ለጨረታ ቀርቦ በ460 ሺህ ፓውንድ ተሸጧል። የአጫራቹ ኮሚሽን ሲታከልበት ገዢው ያወጣው ገንዘብ 575 ሺህ ደርሷል። ሻጩ ዕቃውን ከሁለት ዓመት በፊት የገዛው በ15 ፓውንድ ነበር። ደላላ ሁሉ «ክዳኑ የታለ?» ብሎ የሚያጣጥለው ዓይነት ዕቃ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው ለምኑ ነው? በራዱን የሠራው ጆን ባርትላም በሸክላ ሥራው ከታወቀው የስታፎርድሻየር ግዛት ተነስቶ በ1760ዎቹ ወደ አሜሪካ የተሻገረ እንግሊዛዊ ነው። በደቡብ ካሮላይና ይሠራበት የነበረው ስፍራ ሲቆፈር የተገኙት ስብርባሪዎች ከእጁ የወጡትን ዕቃዎች ለመለየት አስችለዋል። በራዱ በአሜሪካ ምድር ከተሠሩት ቀደምት ፖርሰሊኖች አንዱ መሆኑ በመታወቁ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የግሉ አድርጎታል። ዋጋውን የሰቀለው እንግዲህ ከአፈር የወጣው ስባሪ ነው።

በዘመኑ እንዲህ ያለው ስደት የእንግሊዝን አምራቾች አሳስቦ ነበር። ዝነኛው ጆሳያ ዌጅውድ በ1765 በጻፈው ደብዳቤ አሜሪካ የራሷን ሸክላ መሥራት ከጀመረች ገበያቸው እንደሚነካ ስጋቱን ገልጿል።

በዚያው ዓመት የለንደን ፓርላማ በቅኝ ግዛቱ ጋዜጣ፣ ውል፣ የመጫወቻ ካርታ ሳይቀር የቴምብር ቀረጥ ጣለ። የአሜሪካ ነጋዴዎች የእንግሊዝ ዕቃ አንገዛም ብለው አደሙ። ገበያ የቀዘቀዘባቸው የእንግሊዝ ነጋዴዎችም ለፓርላማው አቤት አሉ። አዋጁ በመጋቢት 1766 ተሻረ። ሸክላ ሠሪዎቹ ጊዜ አላጠፉም፤ በአንድ ጎኑ «የቴምብር ቀረጥ አንፈልግም»፣ በሌላው «አሜሪካ፣ ነፃነት ተመለሰ» የሚል ጽሑፍ ያለበት በራድ ለአሜሪካ ደንበኛ አቀረቡ። የገዛ መንግሥታቸውን አዋጅ የሚያጥላላ ዕቃ መሸጥ አላሳፈራቸውም፤ ጥቅማቸው ከደንበኛው ጋር ነበርና። ከእነዚህ አንዱ ዛሬ በዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ይገኛል።

ጋዜጣ ተነብቦ ይጣላል። በራድ ግን በእንግዳ ፊት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ አፉን ሳይከፍት አቋሙን ይናገርለታል።

ጠቡ በኋላ ወደ ሻይው ራሱ ዞረ። በታኅሣሥ 1773 ቦስተን ወደብ ላይ 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ተጣለ፤ በብዙ ቤትም በሻይ ፈንታ ቡናና የአገሬው ቅጠል ይፈላ ጀመር።