ምድጃ ስንመርጥ ምን እንጠይቅ?

ይህን ትምህርት በሬዲዮ ሰምታችሁታል። አሁን ደግሞ ራሳችሁ ቀስ እያላችሁ አንብቡት። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ማገዶ ምድጃ ነው።

ብርድ በሚበዛባቸው የአውሮፓ አገሮች ቤታቸውን በእንጨት የሚያሞቁ ሰዎች አሉ። በአንድ ትልቅ ምድጃ ውሃ ያሞቃሉ። የሞቀው ውሃ በቧንቧ እየሄደ ክፍሎቹን ሁሉ ያሞቃል። እኛ የሁርሶ ሰዎች ግን ቤት ማሞቂያ አያሻንም። የቆላው ፀሐይ ይበቃናል። እኛ እሳት የምናነደው ለእንጀራ፣ ለወጥ፣ ለሻይና ለቡና ነው። ይሁን እንጂ ብርድ አገር ያለውም ሆነ ቆላ ያለው ሰው፣ ምድጃ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነው። እንጨቱ ሲነድ ሙቀቱ የት ይሄዳል?

ሦስቱን ጉልቻ ተመልከቱ። እሳቱ በሁሉም በኩል ክፍት ነው። ነፋስ ሲመጣ ነበልባሉ ወደ ጎን ይሄዳል። ሙቀቱ የጋጋሪዋን ፊትና እግር ይለበልባል፤ ግድግዳውን ያግላል፤ ከጭሱ ጋር ይወጣል። በክፍት እሳት እንጀራ ስንጋግር፣ ከሙቀቱ ወደ ምጣዱ የሚገባው ከ10 እጅ 1 እጅ ያህል ብቻ ነው። የቀረውን እንጨት ያነደድነው ለአየሩ ነው ማለት ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። እውነት ነው፣ ወጡን አያጣፍጥም። ማገዶውን ግን ይቀንሳል። ጭሱንም ይቀንሳል።

ጭስ ቀላል ነገር አይደለም። ዓይን ያስለቅሳል፣ ሳንባ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። እናት ስትጋግር ሕፃኑ በጀርባዋ ነው። እሷ የምትተነፍሰውን እሱም ይተነፍሳል።

ታዲያ ምን ዓይነት ምድጃ እንምረጥ?

አንደኛ፣ ለእንጀራ። በ1980ዎቹ በአገራችን «ምርጥ ምድጃ» የሚባል ተሠርቷል። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ ነው። ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ ምጣዱን ዙሪያውን ይከባሉ። ፊት ለፊት የእንጨት ማስገቢያ አለው። በኋላ በኩል ጭሱና ትርፍ ሙቀቱ የሚወጣበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ድስት ይጣዳል። ምርጥ ምድጃ በክፍት እሳት ከሚነደው እንጨት ግማሽ ያህሉን ያተርፋል። በእንጀራ በላተኛ ቤት ብዙውን ማገዶ የሚበላው ምጣዱ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንድ ምድጃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ከምጣዱ ጀምሩ።

ሁለተኛ፣ ለከሰል። «ላቀች» የሚባለው ምድጃ ውጭው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ ነው። ሸክላው ሙቀቱን ይይዛል። ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲወዳደር ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል። ነገር ግን አስተውሉ። በአፈር ተከድኖ በሚከሰልበት በባህላዊው መንገድ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 ኪሎ የማያንስ እንጨት ይጠፋል። የከሰል ጭስ ደግሞ ባይታይም ይገድላል። ከሰል እየነደደ በርና መስኮት ዘግታችሁ ከቶ አትተኙ!

ምድጃ ልትገዙ ስትሄዱ እነዚህን አትርሱ።

1. የምጣዳችሁን ስፋት በገመድ ለክታችሁ ሂዱ። ምጣዱ ካልገጠመ ሙቀቱ በክፍተቱ ይወጣል።

2. ሲሚንቶው ውሃ እየጠጣ ቢያንስ አንድ ሳምንት መቆየቱን ሠሪውን ጠይቁ። ያልጠነከረ ሲሚንቶ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል።

3. ምድጃውን ስትተክሉ መገጣጠሚያውን በጭቃ ምረጉ። ዝናብና ነፋስ በማያገኘው፣ ግን ጭስ መውጫ ባለው ቦታ ይሁን።

4. እንጨቱን ፍለጡና አድርቁ። የእርጥብ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ እንጀራውን ከማብሰሉ በፊት ያንን ውሃ ማትነን አለበት። ለማድረቅ የሁርሶን ፀሐይ የሚያህል የለም፤ ዋጋም አይጠይቅም።

ሻጭ ሁሉ ምድጃው ጥሩ ነው ይላል። እናንተ ግን አሁን መጻፍና መደመር ታውቃላችሁ። ስለዚህ ራሳችሁ መዝኑ። በአሮጌው ጉልቻ ስትጋግሩ፣ የእንጨቱን ክብደትና የእንጀራውን ቁጥር ጻፉ። በአዲሱም እንዲሁ አድርጉ። ለምሳሌ 20 እንጀራ በጉልቻ 10 ኪሎ እንጨት፣ በአዲሱ ምድጃ 6 ኪሎ ፈጀ እንበል። ትርፉ 4 ኪሎ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የምትጋግሩ ከሆነ 8 ኪሎ ይሆናል። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው። 8 ጊዜ 52፣ 416 ኪሎ! ይህ ስንት ሸክም ነው? ብትገዙት ስንት ብር ነው? የምድጃውን ዋጋ በስንት ወር ይመልሳል? ይህን ሒሳብ ሠርታችሁ ካያችሁ ማንም አያታልላችሁም።

በመጨረሻም ለአባወራዎች አንድ ቃል። ጭሱን የምትጠጣው ሚስታችሁ ናት። እንጨት ስትለቅም ትምህርት የሚያልፋት ልጃችሁ ናት። ግራሩ ሲያልቅ ደግሞ መንገዱ በየዓመቱ ይርቃል። ስለዚህ ምድጃ የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው አትበሉ። የሚገዛው ከጋራ ገንዘብ ነው፤ ምርጫውም የጋራ ይሁን። ምጣዱ ላይ የምትቀመጠዋ ግን ቀድማ ትጠየቅ።

በደብተራችሁ ላይ መልሱ

1. ክፍት እሳት እንጨት የሚያባክነው ለምንድን ነው?

2. እርጥብ እንጨት ምን ጉዳት አለው?

3. በቤታችሁ በሳምንት ስንት ኪሎ ማገዶ ይነዳል? መዝናችሁ ጻፉ።