ቅጥቅጡ ዳገት ላይ ለምን ይሞቃል?

የአይሱዙ ጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ ቦዲ ተሠርቶለት አውቶቡስ የሆነውን መኪና «ቅጥቅጥ» እንለዋለን። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ዛሬም ግን ተማሪውን፣ ነጋዴውን፣ ለቅሶ ደራሹን ከወረዳ ወረዳ ያደርሳሉ። የአባይን በረሃ ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ዳር ይዞ እንፋሎት የሚተፋ ቅጥቅጥ ያላየ መንገደኛ ጥቂት ነው። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል፣ ውሃ ይጨመራል፣ ጉዞው ይቀጥላል። «ይህ መኪና ውሃ ይጠጣል» ተብሎም ይታለፋል።

ሞተር ግን ውሃ አይጠጣም። የማቀዝቀዣው ውሃ የሚዞረው በዝግ መስመር ውስጥ ስለሆነ በጤነኛ መኪና ላይ ለወራት ያህል ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አያሳይም። ከቀነሰ በአንድ በኩል እየወጣ ነው። በየቀኑ መጨመር ችግሩን ይደብቀዋል እንጂ አይፈታውም።

ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል?

ከናፍጣው ጉልበት መኪናውን ለመግፋት የሚውለው በግምት አንድ ሦስተኛው ነው። ሌላው ሦስተኛ ገደማ ከጭሱ ጋር ይወጣል። የቀረውን አብዛኛውን ሙቀት ተሸክሞ የሚያወጣው ውሃው ነው። በቺንጋ የሚዞረው የውሃ ፓምፕ ውሃውን በሲሊንደሮቹ ዙሪያና በላያቸው በተገጠመው ቴስታታ ውስጥ ይገፋዋል። ውሃው ሙቀቱን ይዞ በላይኛው የጎማ ቱቦ ወደ ራዲያተር ይገባል፣ በቀጫጭን ቱቦዎች ሲወርድ አየር ያበርደዋል፣ በታችኛው ጎማም ወደ ፓምፑ ይመለሳል።

ዳገት ላይ ይህ ሁሉ ይከብዳል። ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን የሚወጣው መንገድ ከ1,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ተነሥቶ ከ2,400 ሜትር በላይ ይደርሳል። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ መኪናው ግን በዝግታ ስለሚሄድ ከፊት የሚገባው ነፋስ ጥቂት ነው፤ ሥራው በሙሉ በቬንትሌተሩ ላይ ይወድቃል። ደጋው ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ተሸክሞ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል።

ትንሿ ክዳን

አዲስ አበባ ላይ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ዳገት የሚወጣ ሞተር ውሃ ደግሞ ከዚህ ሊያልፍ ይችላል። እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ እንደ ፕሬዠር ድስት ክዳን እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ይፈጥራል። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ 0.9፣ የሚይዘው ግፊት በባር ነው። ጤነኛ ባለ 0.9 ክዳን አዲስ አበባ ላይ ንጹሕ ውሃ እንኳ 110 ዲግሪን እስኪያልፍ እንዳይፈላ ይይዘዋል።

ክዳኑ ሁለት በር አለው። አንዱ ግፊቱ ሲበዛ ውሃውን ወደ መጠባበቂያው ጠርሙስ ያስወጣል፤ ሌላው ሞተሩ ሲበርድ ያንኑ ውሃ መልሶ ይስባል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን፣ ይባስ ብሎም በጨርቅ የተወተፈ አፍ፣ ጤነኛ ሞተር ሳይቀር ያፈላል። እንዲህ ያለው ክዳን መጠገን የለበትም፤ በዚያው ቁጥር አዲስ ይገዛ።

ጭነት መኪና አውቶቡስ ሲሆን

ቅጥቅጥ ከሌላው አውቶቡስ የሚለይበት ነገር እዚህ አለ። የጭነት መኪናው ሲሠራ አየር በፊት ገብቶ፣ በራዲያተሩ አልፎ፣ ሞተሩን ታክኮ በታችና በኋላ እንዲወጣ ተብሎ ነው። አዲስ ቦዲ ሲሠራ የፊቱ ክፍት ቦታ ከጠበበ ወይም የሞተሩ ዙሪያ በላሜራ ከተዘጋ፣ የሞቀው አየር መውጫ አጥቶ ተመልሶ ወደ ራዲያተሩ ይዞራል። ተጨማሪ መብራት፣ ጌጥና ፖስተርም በግሪሉ የሚገባውን ነፋስ ይጋርዳሉ።

ከሁሉም የሚጎዳው በቬንትሌተሩ ዙሪያ ያለው መከለያ ሲወልቅ ነው። መከለያው ቬንትሌተሩ በመላው ራዲያተር በኩል አየር እንዲስብ ያደርጋል። እሱ ከሌለ ቬንትሌተሩ ከጎንና ከኋላ ያለውን ሙቅ አየር መልሶ ያማስላል። በጥገና ወቅት «ለሥራ ያስቸግራል» ተብሎ ተፈትቶ ከቀረ ይፈለግና ይመለስ።

ቴርሞስታቱ አይጣል

ሞተር በሞቀ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። ቴርሞስታት ውሃው እስኪሞቅ የራዲያተሩን መንገድ ዘግቶ፣ ብዙ ጊዜ 82 ዲግሪ አካባቢ መክፈት የሚጀምር በር ነው። ሲወጣ ሞተሩ በሜዳ መንገድ በርዶ ይሠራል፤ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ያልቃል። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፍት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከሌለ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር ከፊሉ ውሃ ሳይበርድ ይዞራል፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ጭራሹን ይሞቃል።

መሞከሪያው ወጥ ቤት ውስጥ አለ። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውሃ ውስጥ ክተቱትና ቴርሞሜትር ይዛችሁ አሙቁት። የተጻፈበት ዲግሪ አካባቢ መክፈት ከጀመረ ደህና ነው። ደጋ ላይ ውሃው 92 ገደማ ላይ ስለሚፈላ እስከ ጥግ ላይከፍት ይችላል፤ ለዚህ ብላችሁ አትጣሉት።

ውሃ ወይስ ኩላንት?

ኩላንት ለበረዶ አገር ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኛ ዘንድ ትልቁ ጥቅሙ ዝገት መከላከሉና የመፍያውን ዲግሪ ከፍ ማድረጉ ነው። የወንዝና የጉድጓድ ውሃ ሲሞቅ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየውን ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ቅርፊቱም የራዲያተሩን ቱቦዎች እያጠበበ ሙቀቱ እንዳይወጣ ያግዳል። ኩላንቱ አምራቹ ባዘዘው መጠን፣ ብዙ ጊዜ እኩል በእኩል፣ በተጣራ ውሃ ይበጠበጥ። የተለያየ ዓይነት አትቀላቅሉ። ሞተሩ በርዶ ሳለ ሲሞላ ክዳኑ ተከፍቶ በዝግታ ይሥራ፤ የታፈነው አየር አረፋ እያደረገ እስኪወጣ ታገሡ።

ጠዋት ሞተር ሳይነሣ

ሞተሩ እንደ በረደ አምስት ነገር እዩ። የውሃውን መጠን። ከመኪናው ሥር የተንጠባጠበ ነገር መኖሩን። የውሃ ጎማዎቹን ጨብጣችሁ መሰንጠቃቸውን ወይም መልፈስፈሳቸውን፣ ፋሼታዎቹም መጥበቃቸውን። ቺንጋው መሐሉን በአውራ ጣት ስትጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል መርገቡን። ከውሃ ፓምፑ ሥር ባለችው ትንሽ ቀዳዳ እርጥበት መኖሩን፤ እዚያ ውሃ ከታየ ፓምፑ ሊለቅ ነው። የራዲያተሩ ክንፎች አቧራና ገለባ ከያዙ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ በሚፈስ ውሃ ይታጠቡ።

በውጭ ምንም ሳይፈስ ውሃው ከቀነሰ፣ ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ፣ ነጭ ጭስ ከበዛ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ፣ ብዙ ጊዜ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ሰው ጭኖ መውጣት አይገባም።

መንገድ ላይ ከሞቀ

የሙቀት ጠቋሚው ከልኩ ከፍ ማለት ሲጀምር ደህና ቦታ ቁሙ። እንፋሎት ከሌለ፣ ቺንጋውም ካልተበጠሰ ሞተሩን ያለ ማርሽ ትንሽ ማሠራት ውሃው እየዞረ እንዲበርድ ይረዳል። እንፋሎት ከወጣ ወይም ውሃው ከፈሰሰ ግን ወዲያው አጥፉት። ውሃው ካለቀ ጠቋሚው የሚለካው ስለማያገኝ ዝቅ ሊል ይችላልና አትመኑት።

ክዳኑን በሙቀቱ አትክፈቱ፤ ጨርቅም ከአደጋው አያድንም። ግፊቱ በወጣበት ቅጽበት ውሃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና እጅ ይልጣል። ላይኛው ጎማ ሲጨበጥ እስኪለሰልስ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በጋለ ሞተር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ተሳፋሪዎች ሆይ፣ ሾፌሩ ሞተር ለማብረድ ሲቆም አታጣድፉት። ባለንብረቶችም በጀሪካን ውሃ አትተማመኑ፤ ክዳን፣ ቺንጋና የውሃ ጎማ በጊዜው መቀየር ቴስታታ ከማስጠገን እጅግ ይረክሳል። ውሃ የሚቀንስ መኪና የሚፈስበት ቦታ ሳይገኝ ዳገት አይውጣ።