ከናይሮቢ ሜዳዎች፦ ታዳጊዋን ዛሬ በምታስቆጥረው ወይስ ነገ በምትደርስበት?

ኬንያ በሴቶች ቅርጫት ኳስ የረገጠችው ትልቁ መድረክ እ.ኤ.አ. በ1994 አውስትራሊያ ያስተናገደችው የዓለም ሻምፒዮና ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከ16 ቡድኖች 16ኛ ሆና ተመለሰች። ቢሆንም ለዚያ ትውልድ እዚያ መድረሱ ትልቅ ነገር ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የአፍሪካ ሻምፒዮናው ወደ ናይሮቢ ራሱ መጣ። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ብልጭ ድርግም ሆነ። በ2013 ማፑቶ፣ በ2019 ዳካር ላይ ታየች። በ2021 ኪጋሊ ላይ በማጣሪያው ፍጻሜ ግብጽን ረትታ ወደ ያውንዴው ሻምፒዮና አለፈች፤ ሰዉም ‹‹አሁንስ ዘለቀች›› አለ። በ2023ቱም ሆነ በ2025ቱ የአፍሪካ ሻምፒዮና (አፍሮባስኬት) ግን ስሟ የለም።

ችግሩ የልጆች እጥረት ነው ብዬ አላምንም። በናይሮቢ ምሥራቃዊ ሠፈሮች የቡሩቡሩ የሴቶች ትምህርት ቤት፣ በባሕር ጠረፍ ካያ ቲዊ፣ በምዕራብ ቡቴሬ የተባሉት ትምህርት ቤቶች ስማቸው የገነነው በሴት ተጫዋቾቻቸው ነው። ችግሩ ያለው ልጆቹን በምንመዝንበት ዓይን ላይ ይመስለኛል።

ለብዙ ዓመታት መልማዩ የትምህርት ቤቶች ውድድር ነበር። ውድድሩ ደግሞ የሚጠይቀው ዘንድሮ ማሸነፍን ነው። አሰልጣኙ ዋንጫ ካላመጣ ይወቀሳል፤ ስለዚህ ኳሷን ቀድማ ለጎለመሰችው ይሰጣል። ሴት ልጅ በቁመት በፍጥነት የምትመዘዘው 12 ዓመት አካባቢ ነው፤ በእኩያሞች መካከል ግን የሁለት ሦስት ዓመት የሰውነት ዕድገት ልዩነት ሊኖር ይችላል። በ14 ዓመቷ ከጓደኞቿ በጭንቅላት የምትበልጠው ልጅ ምናልባት እድገቷን ልትጨርስ ተቃርባለች። በዚያው ዕድሜ አጭር የሆነችው ደግሞ ገና ሊቀራት ይችላል። በ14 ዓመቷ ከቅርጫቱ ሥር ብቻ ቁሚ የተባለች ልጅ በ18 ዓመቷ ከብዙዎቹ አጭር ሆና፣ ኳስ ማንጠሩንም ውርወራውንም ሳትማር ልትቀር ትችላለች። ይህን ስጽፍ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ለማስቀረት ውድ ነገር አይጠይቅም። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ቆማም ተቀምጣም ቁመቷን መለካት፣ ክብደቷን መመዝገብ፣ የእናትና የአባቷን ቁመት መጠየቅ ነው። ከ2002 ጀምሮ ተመራማሪዎች ከእነዚህ መሰል ልኬቶች ታዳጊዋ በቁመት በፍጥነት ከምትመዘዝበት ጊዜ ምን ያህል እንደምትርቅ የሚገመትበትን ቀመር አውጥተዋል። ግምት ነው፤ ስሕተትም አለው። በተለይ በጣም ቀድመው ወይም በጣም ዘግይተው በሚያድጉት ላይ ይሳሳታል። ሆኖም ከአሰልጣኝ የአንድ ቀን ዕይታ ይሻላል።

ማዲና ኦኮትን እንውሰድ። ከምዕራብ ኬንያ ከሙሚያስ የወጣች፣ መረብ ኳስ ትጫወት የነበረች፣ ወደ ቅርጫት ኳስ የመጣችው እኩዮቿ ዓመታት ከተጫወቱ በኋላ ነው። በናይሮቢ ደጃፍ በሩይሩ ባለው የዜቴክ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተች። ከዚያ አሜሪካ ተሻገረች፤ በ2024–25 የውድድር ዘመን ለሚሲሲፒ ስቴት በአማካይ 11.3 ነጥብና 9.6 ሪባውንድ አስመዘገበች፤ ቀጥላም ዶውን ስቴይሊ ወደምታሠለጥነው ሳውዝ ካሮላይና ተዛወረች። ብዙ ሰው ታሪኳን የሚያነበው በ198 ሴንቲ ሜትር ቁመቷ ብቻ ነው። እኔ የማነበው በሌላ ነው፤ በ13 እና በ14 ዓመት ‹‹ይህች አትሆንም›› ብሎ በሩን የሚዘጋ ሥርዓት ውስጥ ብትገባ ኖሮ ማን ያገኛት ነበር? ሁለተኛውም ነገር ይገርመኛል፤ ከሌላ ስፖርት የመጣው ዝላይና የጊዜ አጠባበቅ እዚህ አገልግሏታል። ታዳጊን ስንመዝን በሌላ ሜዳ ያሳለፈችውን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ቁመት ግን ለሁሉም አይደርስም። ጨዋታ የምትመራውን ልጅ በሜትር አታገኛትም። ከስሕተቷ በኋላ በሚቀጥለው ኳስ ላይ ምን ታደርጋለች? ያልለመደችውን ነገር ዛሬ ካሳየኻት ከሁለት ሳምንት በኋላ ይዛዋለች? ግራ እጇን ትጠቀማለች? በነጥብ ሰንጠረዥ የማይታየው ይህ ነው፤ ደጋግሞ ማየትን ይፈልጋል። በናይሮቢ የሊጉ ጨዋታዎች ቅዳሜና እሑድ በኒያዮ ጂምናዚየም ሲደረጉ የሚያይ ሰው አለ፤ ልጆቹ በሚያድጉባቸው የትምህርት ቤት ሲሚንቶ ሜዳዎች ግን መዝጋቢ ብርቅ ነው። ሲሚንቶው ራሱ ጉልበታቸውን ሊጎዳ ይችላል። የሴት ታዳጊዎች የጉልበት ጅማት ከወንዶቹ ይልቅ በተደጋጋሚ ይበጠሳል፤ አዘውትሮ የሚሠራ ትክክለኛ የማሟሟቂያ ልምምድ አደጋውን በእጅጉ እንደሚቀንሰው ተረጋግጧል። ይህን የማያስተምር ምልመላ ግማሽ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ክፍተት ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ነው። በሞምባሳ የወደቦች ባለሥልጣን ቡድን፣ በናይሮቢ የኢኩዊቲ ባንክ ቡድን፣ ከዚያም ዜቴክ፣ ስትራትሞርና ዩኤስአይዩን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ድልድይ ሆነዋል። ድልድዩ ግን ጠባብ ነው፤ ክፍያ የማይችል ቤተሰብ ልጁን 18 ዓመት ሲሞላት ከሜዳ ያስወጣታል።

በዚህ መካከል ደቡብ ሱዳን በ2025 አቢጃን ላይ በመጀመሪያ ተሳትፎዋ ሦስተኛ ወጣች። እኛ ኢትዮጵያውያንም ከኬንያና ከደቡብ ሱዳን ጋር በአፍሪካ ቅርጫት ኳስ አምስተኛ ዞን ውስጥ ነን፤ ጉዳዩ ስለ ጎረቤት ብቻ አይደለም። ደቡብ ሱዳን ልጆቿ በተበተኑበት አገር ሁሉ እየሄደች ሰበሰበች። ኬንያ ያን ያህል መሄድ አያስፈልጋት፤ ልጆቿ አብዛኞቹ እዚያው ናቸው።

በጥር 2026 በኬንያ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመጀመሪያዎቹ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲገቡ፣ ከቀረቡላቸው ሦስት መስመሮች አንዱ ሥነ ጥበብና የስፖርት ሳይንስ ነበር። ይህን መስመር የመረጠች የ15 ዓመት ልጅ ትምህርቷን የምትጨርሰው በ2028 ነው። እስከዚያ ድረስ ቁመቷን፣ ጉዳቷንና እድገቷን በስሟ የሚይዝ መዝገብ ካልተከፈተላት፣ የኬንያ ፌዴሬሽን በዚያን ዓመት ስለሷ የሚያውቀው በዋንጫ ጨዋታ ያስቆጠረችውን ነጥብ ብቻ ይሆናል።